እቴ የሚላት ሴት

የፈቃድ ቅጹ አሥራ አንድ ገጽ ነበር። ነርሷ እያንዳንዱን ገጽ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ሀሴት አውራ ጣቷን ታሳርፋለች፣ ገጹ ይዘጋል። ስምንተኛውን ጨርሰው ዘጠነኛው ላይ ሲደርሱ ነርሷ ማንበቧን ትታ ስክሪኑን ወደ ሀሴት አዞረችው።

«ይኼን አንቺው አንብቢው» አለቻት።

ዘጠነኛው ገጽ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ «ታካሚው ወደ ልቡ ሲመለስ፣ በሕመሙ ዘመን የተደረገለትንም የተደረገበትንም ሊያስታውስ እንደሚችል ተነግሮኝ ተረድቻለሁ።»

ዘመኑ 2091 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ኮምቦልቻ ውስጥ ይህን ገጽ ከሚፈርሙት ይልቅ ሳይፈርሙ ተነሥተው የሚሄዱት ይበዙ ነበር።

«ቸኩለሽ አትወስኚ» አለች ነርሷ። «ብዙ ሰው የታማሚዬ ልብ መድኃኒቱን አይችልም ይልና ይሄዳል። እኛም እንደዚያው ብለን እንመዘግባለን። ለምን አንልም።»

ሀሴት ይህን ታውቃለች። እሷ በምትኖርበት ሕንፃ ብቻ ሦስት ቤተሰብ እንደዚያ ብሎ ተመልሷል። ፊት ለፊቷ የምትኖረው ኤልዳና የባሏን ልብ ድካም ለጎረቤቱ ሁሉ አስረድታለች። ሰውዬው ግን ሊፍቱ በተበላሸ ቁጥር አራተኛ ፎቅ ድረስ አንዴም ሳያርፍ ይወጣል። ይህን አንሥቶ የሳቀ ጎረቤት የለም።

ሀሴት አውራ ጣቷን ዘጠነኛው ገጽ ላይ አሳረፈች።

አባቷ አቶ ናሆም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ባቡር ነጂ ነበሩ። ሚስታቸው በሞቱ በዓመቱ፣ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው፣ የገዛ ቤታቸው በር ላይ ቆመው የማን ቤት እንደሆነ መጠየቅ ጀመሩ። ያኔ የነበረው መድኃኒት «ማቆያ» የሚሉት ነው። በየወሩ ክንድ ላይ ይለጠፋል፣ መጠኑ የጥፍር ያህል ነው። ማቆያ አያድንም። በሽታው ከደረሰበት እንዳያልፍ ብቻ ያቆመዋል። አቶ ናሆምን ሰው መለየት ባቃታቸው፣ መራመድና መጮህ ግን ባላቃታቸው ቦታ ላይ አቆማቸው። አሥራ ሁለት ዓመት እዚያው ቆዩ። ለጀመረ ሰው ማቆያን ማቋረጥ ደግሞ በሕግ ያስቀጣል።

ወንድሟ ኢዮስያስ ሞምባሳ ወደብ ላይ ይሠራል። በየእሑዱ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ በምስል ይመጣል፤ ያጨበጭባል፣ ለአባቱ ይዘፍናል፣ «የኔ ጀግና!» ይላል፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ይጠፋል። የቀረው ሰዓት ሁሉ የሀሴት ነበር። ማጠቡ፣ ማጉረሱ፣ ጥርስ ማጽዳቱ፣ ሽንት ቤት ወስዶ በር ላይ መጠበቁ፣ በቀን አርባ ጊዜ ለሚመጣው አንድ ጥያቄ አርባ ጊዜ አንድ መልስ መስጠቱ። ባሏ ሁለት ዓመት ታገሠ። በሦስተኛው ዓመት ሻንጣውን ይዞ ወጣ። አልተጣሉም፤ ለመጣላትም ጊዜ አልነበራትም።

መተዳደሪያዋ አንድ የጨርቅ ፋብሪካ ነው። ቤቷ ሆና በስክሪን ሦስት መቶ የሽመና ማሽን ለስምንት ሰዓት ትጠብቃለች። ዓይኗ ከስክሪኑ ከአንድ ደቂቃ በላይ ከተነሣ ፈረቃው ይሰረዛል። ሦስት ፈረቃ የተሰረዘበት ሰው ይሰናበታል። ስለዚህ ሥራ ከመጀመሯ በፊት አባቷን አብልታ፣ ሽንት ቤት አድርሳ፣ መኝታ ቤት አስገብታ ከውጭ ትቆልፋለች። መጀመሪያ ሰሞን አቶ ናሆም በሩን ሲደበድቡ እሷም ስክሪኑ ፊት ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። በኋላ የጆሮ መድፈኛ ገዛች።

አንድ ቀን መቆለፉን ረሳችው። አቶ ናሆም ወጥተው ከኋላዋ መጡና የስክሪኑን ገመድ ነቀሉት። ሦስት መቶ ማሽን ባንዴ ቆመ። ይህም ከተሰረዘ ሦስተኛዋ ይሆን ነበር። ሀሴት ተነሥታ በጥፊ መታቻቸው።

«ምናለ ሞተህ ባረፍከው!» ብላ ጮኸች። «ምናለ እኔንም ባሳረፍከኝ!»

አቶ ናሆም ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ይዘው ፊቷን ትክ ብለው አዩት።

«ሀሴት?» አሉ።

በዚያ ዓመት ስሟን የጠሩት ያን ቀን ብቻ ነበር።

ቅጹ ላይ ስትፈርም ይህን አልረሳችውም። ግን እነዚያን አሥራ ሁለት ዓመታት ቀን በቀን አብሯት የኖረ ሰው ቢኖር አባቷ ብቻ ነው። እንዴት እንዳለፉ ለማን ትነግራለች? ለኢዮስያስ ስትነግረው «በርቺ እህቴ» ይላታል። አባቷ ከተመለሱ ጥፊውን ያስታውሳሉ፣ መልካም፤ የቀረውንም ያስታውሳሉ። ጥፊው አንድ ነው። የቀረውን እሷም ቆጥራ አትጨርሰው። «ይመዘን እንግዲህ» አለች በልቧ።

አዲሱን መድኃኒት ሰው «መላሽ» ይለዋል። በዘጠኝ ሳምንት ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ በጀርባ በኩል ይወጋል። እስከ አምስተኛው ምንም አልነበረም። ከስድስተኛው በኋላ አቶ ናሆም መስኮት አጠገብ ተቀምጠው የገዛ እጃቸውን ሲያገላብጡ ዋሉ። በሰባተኛው ሳምንት «እናትሽ የት ናት?» አሉ። ሀሴት ሞታለች ስትላቸው «አውቃለሁ» አሏት። «እውነቱን ትነግሪኝ እንደሆነ ላይ ብዬ ነው።» በስምንተኛው፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ቁርስ ይዛ ስትገባ «ደህና አደርሽ ሀሴት» አሉ። ትሪውን አስቀምጣ ወደ ወጥ ቤት ሮጠች፣ ፎጣ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች። በሃምሳ አንድ ዓመቷ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም።

ደስታው ሳምንት አልቆየም።

አቶ ናሆም ጨዋ ሆኑባት። ውሃ ስትሰጣቸው «አመሰግናለሁ»፣ ስታልፍ «ይቅርታ»፣ እንግዳ ቤት እንዳለ ሰው። የሸሚዛቸው ኮሌታ ታጥፎ አይታ ልታቃናው እጇን ስትዘረጋ ክንዳቸውን ፊታቸው ላይ ጋረዱ። ሁለቱም ደነገጡ። በሚቀጥለው ቀን መኝታ ቤቱ ደፍ ላይ ቆመው፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ፣ «መውጣት ይፈቀድልኛል?» ብለው ጠየቋት።

እሑድ ኢዮስያስ ግድግዳው ላይ ሲመጣ ግን እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። «አንተ ልጅ!» አሉት። «አንድ እሑድ እንኳ አልቀረህም! ሁሉንም አስታውሳለሁ፣ ዘፈንህን ሁሉ!» ኢዮስያስም አለቀሰ። ሀሴት ከኋላ ቆማ ሁለቱንም ታይ ነበር።

ግድግዳው ሲጠፋ አቶ ናሆም ወደ እሷ ዞሩ።

«ሴትዮዋ የት ሄደች?» አሉ።

«የቷ ሴትዮ?»

«ታጥበኝ የነበረችው። ቀጥረሻት ነበር መሰለኝ። ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ እጇ ልስልስ ያለ። ስሟን አልነገረችኝም፤ እኔ እቴ ነበር የምላት። አንቺ ስትቆልፊብኝ እሷ ነበረች የምትከፍትልኝ።»

ሀሴት ወንበር ስባ ፊታቸው ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ማንም አልቀጠርኩም። እዚህ ቤት ሌላ ሴት አልነበረችም። እኔ ነኝ እኮ። እቴ ስትል የነበረው እኔን ነው።»

አቶ ናሆም ፊት ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ሰው ስለ ሌላ ሰው ሲያፍር የሚሆነው ዓይነት ነገር ነበር።

«ሀሴት» አሉ ቀስ ብለው፣ «አንቺንማ አውቅሻለሁ። ያን ቀን ፊትሽን አይቼዋለሁ። ስሜትሽም ይገባኛል። ግን የሌላ ሰው ደግነት አይወሰድም።»

«አልወሰድኩም! እኔ ነኝ ያጠብኩህ! እኔ ነኝ ያጎረስኩህ! አሥራ ሁለት ዓመት!»

«አትጩሂብኝ፣ እባክሽ።»

«እጄን እየው! ያዘው እስቲ፣ ንካው...»

አቶ ናሆም ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሆስፒታሉ እጃቸው ላይ ያሰረው መከታተያ አምባር ቀይ በራ፤ አምቡላንሱ ከስድስት ደቂቃ በኋላ ደረሰ። ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኙ።

«አላስጠነቀቅንሽም?» አላት ሐኪሙ። ወጣት ነው፣ ዓይኑ ድካም ያየለበት። «በመጀመሪያው ዓመት የተመላሽን ትዝታ ማረም ክልክል ነው። አንጎላቸው ያብጣል። ሁለተኛ ጊዜ ላይተርፉ ይችላሉ። ለጎረቤትም ንገሪ፤ ማንም እንዳያርማቸው።»

«የሚያስታውሰው ግን ልክ አይደለም።»

«ሊሆን ይችላል። ፍርሃት ከነመልኩ ከነስሙ ይቀረጻል። ምቾት እንደዚያ አይደለም። ደስ ብሏቸው እንደነበር ያውቃሉ፤ ከማን እንደሆነ አያውቁም። ደስ ባላቸው ሰዓት አንቺን አላወቁሽማ።»

«የፈራኝ ቀን ነው ያወቀኝ» አለች ሀሴት።

«አዎ።»

«ዓመቱ ሲያልፍስ ልነግረው እችላለሁ?»

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። «ዓመቱ ሲያልፍ ትዝታው ይጠነክራል። ያኔ ብትነግሪያቸው አይጎዳቸውም። ግን አይቀበሉሽም።»

ያን ቀን ማታ ለኢዮስያስ ደወለች። አንተን ያምንሃል፣ ዓመቱ ሲሞላ እውነቱን አንተ ንገርልኝ አለችው።

«እህቴ፣ እኔ ምን ላድርግ?» አለ ኢዮስያስ። «ሐኪሙ ተዉት ካለ እንተወው። ደግሞ... አሁን ገና ነው የወደደኝ። እኔንም እዚህ ነገር ውስጥ አታስገቢኝ።»

ወደ ልባቸው የተመለሱ ሰዎች በስድሳ ቀን ውስጥ የተመላሾች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ቀርበው ስለ ሕመም ዘመናቸው ቃል ይሰጣሉ። ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው። አስታማሚው የአድማጭ ወንበር የሚባል ላይ ይቀመጣል። ይሰማል፣ አይናገርም፤ በስተመጨረሻ ለሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልሳል።

አቶ ናሆም ለዚያ ቀን ሱፍ ለብሰው ነበር። የጽሕፈት ቤቱ ሹም፣ ዮፍታሔ የሚባል ፊቱ ላይ ምንም የማይነበብበት ሰው፣ ጥያቄውን ከስክሪን ያነባል። አቶ ናሆምም ሳያጋንኑ፣ ሳይቸኩሉ፣ የባቡር አደጋ ሪፖርት እንደሚያደርግ ሰው ተናገሩ። በሩ ከውጭ ይቆለፍ እንደነበር። ደብድበው ደብድበው እጃቸው ያብጥ እንደነበር። አንድ ቀን በጥፊ እንደተመቱ፣ ሞታቸውንም ሰው እንደተመኘ።

«ማን?» አለ ሹሙ።

«ልጄ። ሀሴት።»

«ሌላ የሚያስታውሱት አለ?»

የአቶ ናሆም ድምፅ ተለወጠ። «አንዲት ሴት ነበረች» አሉ። «አልበላም ስላት የባቡር ጣቢያ ትጠራልኝ ነበር። አዋሽ ትልና አንድ ጉርሻ። ሸዋ ሮቢት፣ አንድ ጉርሻ። ካራቆሬ፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ... ሐራ ገበያ ስንደርስ ሳህኑ ባዶ ይሆናል። ባቡር ነጂ እንደነበርኩ እንዴት እንዳወቀች እስካሁን ይገርመኛል። ልጄ ነግራት ይሆናል።»

ሀሴት የወንበሩን እጀታ ጨብጣ ያዘች። እነዚያን የጣቢያ ስሞች በልጅነቷ ያስጠኗት እሳቸው ነበሩ።

«እንግዲህ አቶ ናሆም» አለ ሹሙ፣ «ክስ ይመሠረት ይላሉ ወይስ ይቅርታ?»

አቶ ናሆም ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሀሴት ዞር አሉ። ዓይናቸው ውስጥ ፍቅር ነበር፤ እሷም አየችው።

«ይቅር ብያታለሁ» አሉ። «ልጄ ናት። ቸግሯት ይሆናል። ሰው ነች።»

ሹሙ ጥያቄውን ለሀሴት አነበበላት። «ይቅርታውን ትቀበያለሽ?» እቀበላለሁ ካለች የተባለውን ሁሉ እንዳመነች ይመዘገባል፤ በአስታማሚነቷ ትቀጥላለች፤ በወር በወር አንድ ሰው መጥቶ ቤቱን ያያል። አልቀበልም ካለች ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ አባቷ እስከዚያው መጠለያ ይገባሉ። መጠለያውን አይታዋለች። ሐኪሙ ያለው እብጠትም አለ፤ የሚጠብቃቸው ሰው ያስፈልጋል፤ ኢዮስያስ ሞምባሳ ነው።

«እቀበላለሁ» አለች።

«አውራ ጣትሽን።»

አሳረፈች።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አለ ሹሙ። «ለተመሰገነ አስታማሚ ጽሕፈት ቤቱ የክብር ወረቀት ይሰጣል። የሴትየዋ ስም ማን ነው? የት ትገኛለች?»

አቶ ናሆም ወንበራቸው ጫፍ ላይ ወጡ። ባለፉት ሳምንታት ደረጃው ላይ የሚወጡ የሚወርዱ ሴቶችን ሁሉ ድምፅ ያዳምጡ ነበር። አንዴ የጎረቤት የቤት ሠራተኛ እጅ ይዘው «አንቺ ነሽ እንዴ?» ብለዋል። አትታወቅም ብትላቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ይፈልጓታል። ሀሴት ይህን አሰበችና አፏ ቀድሟት ተናገረ።

«ሞታለች» አለች።

«ስሟ?»

«ብርቄ።»

«የአባት ስም?»

«አላውቅም።»

ሹሙ ጻፈ። አቶ ናሆም ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ አለቀሱ። ሚስታቸው የሞቱ ጊዜ እንኳ እንደዚያ አላለቀሱም። ሀሴት የአድማጭ ወንበሩን ለቃ ሄደች፤ አጠገባቸው ተንበርክካ «አይዞህ አባዬ፣ እግዜር ያጽናህ» አለቻቸው። በዚያን ሰዓት እጇን አልሸሹትም።

ለቅሶ እቀመጣለሁ አሉ። ዘመድ የላት ይሆናል፣ ሰው ሳይቀመጥላት መቅረት የለበትም አሉ። ሀሴት ከዕድር የፕላስቲክ ወንበር አስመጣች፣ ንፍሮ ቀቀለች፣ ሳሎኑን ጠረገች። የሕንፃው ሰው ሦስት ቀን ተራ በተራ መጣ። ማን እንደሞተ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም እንደማይናገርም ሁሉም ያውቃል። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለው ይገባሉ፣ ወለል ወለሉን እያዩ ይቀመጣሉ፣ ሀሴት ንፍሮውን ስታዞር ቀና ብሎ የሚያያት የለም። አንዲት አሮጊት ብቻ ጎንበስ ስትልላቸው እጇን ይዘው ሳሙትና ለቀቁት።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ኤልዳና ባሏን ይዛ መጣች። ሰውዬው ባዶ ፈገግታውን እንደያዘ ጥግ ላይ ተቀመጠ። አቶ ናሆም በዚያ ሰዓት ካለፉት ሁለት ቀናት ይልቅ አብዝተው ያወሩ ነበር።

«ጥፍሬን ስትቆርጥልኝ ጣቴን አንድ በአንድ ትስመው ነበር» አሉ። «ክረምት ካልሲዬን ብብቷ ውስጥ አሙቃ ነበር የምታለብሰኝ። ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው? የማታውቀው ሽማግሌ ነኝ እኮ! አንድ ቀን ደግሞ ታክሲ ውስጥ ሸናሁ። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ። ነጠላዋን አውልቃ ወገቤ ላይ ጠቀለለችና፣ ‹ውሃ ደፍቼበት ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ› አለቻቸው። ስቀው ዝም አሉ። እኔ ያን ቀን አልዋረድኩም።»

ያን ቀን ታክሲው ውስጥ ኤልዳናም ነበረች። አሁን አንገቷን ደፍታ የቀሚሷን ጠርዝ ትፈትላለች። ባሏ የሰው ፊት እያየ ይስቃል።

ሀሴት ትሪውን ይዛ ቆማ ትሰማ ነበር። የተሠራው ሁሉ አንድ ሳይቀር፣ በሰው ፊት፣ አባቷ አፍ ላይ ነበር። ታክሲውን እሷ ራሷ ረስታው ነበር።

«ሀሴት» አሉ አቶ ናሆም። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር፤ ሀዘኑ ወደ እሷ አቅርቧቸዋል። «አንቺም ታውቂያት የለ? ነይ ተቀመጪ። አንድ ነገር በይላት እስቲ።»

ሀሴት ትሪውን አላስቀመጠችም።

«ደክሟት ነበር» አለች።

አቶ ናሆም ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ወደ ጎረቤቶቹም ዞሩ።

«ኧረ በጭራሽ» አሉ። «አንድ ቀን እንኳ ደከመኝ ብላ አታውቅም።»